ሁለት ሺህ አልን፤ ስማቸውስ?

ኢትዮጵያ ከፋሺስት ወረራ ነጻ ከወጣች በኋላ ለሰላም ጉባኤ ያቀረበችው የጉዳት መግለጫ በታሪክ መጻሕፍታችን ውስጥ ደጋግሞ ይጠቀሳል። በዚያ መግለጫ መሠረት 760,300 ሰዎች አልቀዋል፤ 525,000 ቤቶች ተቃጥለዋል፤ 2,000 አብያተ ክርስቲያናት ወድመዋል። እነዚህ አኃዞች የድል በዓል በመጣ ቁጥር በንግግር ይሰማሉ፤ በጽሑፍ ይታተማሉ፤ በተማሪዎች የጥናት ወረቀት ላይ ይሰፍራሉ። ሰሚውም አንባቢውም ከንፈሩን መጥጦ ያልፋል።

ይህ ጽሑፍ የሚነሣው ከቁጥሩ ቀጥሎ መምጣት ከነበረበትና ካልመጣው ጥያቄ ነው። ከሁለቱ ሺህ መካከል በወለጋ ምድር ቆመው የነበሩት ስንት ናቸው? በማን ታቦት ስም ይጠሩ ነበር? የትኛው በአውሮፕላን ቦምብ፣ የትኛው በእግረኛ ወታደር ክብሪት፣ የትኛውስ ካህናቱ ተሰደው ጠባቂ በማጣቱ ፈረሰ? ከውስጣቸው የጠፋው ብራና፣ ሥዕል፣ መስቀልና ደወል ምን ነበር? ከነቀምቴ እስከ ጊምቢ፣ ከነጆ እስከ ደምቢ ዶሎ ባሉት ከተሞች የሚማር ወጣት ቁጥሩን በቃሉ ይወጣው ይሆናል። ከክፍለ ሀገሩ ዐሥሩን በስም ጥራ ቢሉት ግን ይቸገራል። በዚህ ወጣቱ ሊወቀስ አይገባም፤ ወቀሳው ቁጥር አስተምሮ ስም ለነፈገው የባህል ሥራችን ነው።

በቦምብ የተመታ ቤተ ክርስቲያን መጀመሪያ የሚጎዳው ቦምቡ በወረደበት ቀን ነው። ያ ጉዳት የጠላት ሥራ ነው፤ ጠላትም ስለ ሥራው በታሪክ ፊት ይጠየቅበታል። ሁለተኛው ጉዳት ስሙ ሳይጻፍ፣ ምስክሩ ሳይጠየቅ፣ የተረፈው ግድግዳ ሳይለካ ሲቀር ይደርሳል። ይህኛው የወገን ሥራ ነው፤ የሚጠይቀውም አልተገኘም። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ከሁለተኛው ጉዳት ጋር ነው።

በቅድሚያ ወለጋ በዚያ ጦርነት ዳር ቆሞ የተመለከተ ምድር እንዳልነበረ ማስታወስ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. በጠላት እጅ ከወደቀች በኋላ የነጻው መንግሥት ጭላንጭል የቀረው በምዕራብ ነበር። ራስ እምሩ ጎሬን ማእከል አድርገው መንግሥቱን ለማቆየት ይጥሩ ነበር። ከሆለታው የጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣት መኮንኖችና በልዩ ልዩ ሙያ የሠለጠኑ ምሁራን ደግሞ በወለጋ ተሰባስበው «ጥቁር አንበሳ» የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ። መሪያቸው የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ሲሆኑ፣ ሌተና ኮሎኔል በላይ ኃይለ አብን፣ ክፍሌ ነሲቡንና የወለጋውን ተወላጅ ይልማ ደሬሳን የመሰሉ ሰዎች በውስጡ ነበሩበት።

ሰኔ 19 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ከነቀምቴ አቅራቢያ በሚገኘው በቦናያ ሜዳ ላይ አረፉ። በውስጣቸው የአየር ኃይሉ ጄኔራል ማሊዮኮ፣ በአገሩ ስመ ጥር የነበረው አብራሪ አንቶኒዮ ሎካቴሊና ሌሎች መኮንኖች ነበሩ። ዓላማቸው የአካባቢውን ባላባቶች ወደ ጣሊያን ማዘንበልና ምዕራቡን ያለ ውጊያ መያዝ ነበር። በዚያው ሌሊት የጥቁር አንበሳ ሰዎች ደርሰው በተኙበት አደጋ ጣሉባቸው። ጄኔራሉና ባልደረቦቹ ተገደሉ፤ አውሮፕላኖቹ ጋዩ፤ ከእነርሱ መካከል በሕይወት የተረፈው አንድ ቄስ ነበር። ሰኔ 23 ቀን ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ቆመው በሕዝባቸው ላይ ከአየር ስለ ወረደው መርዝና እሳት አቤት አሉ። በአንድ ሳምንት ውስጥ የኢትዮጵያ ጉዳይ በሁለት ቦታ ተሰማ፤ በጄኔቫ በንግግር፣ በቦናያ በእሳት።

የጄኔቫው ንግግር በልዩ ልዩ ቋንቋዎች ተተርጉሟል። የቦናያውም ድል በአርበኝነት ታሪካችን ውስጥ ቦታ አግኝቷል። ጠላት ለሞቱት መኮንኖቹ በቀል ሲል በነቀምቴና በቦናያ ላይ ያወረደው የአየር ድብደባ ግን በአብዛኛው ትረካችን ውስጥ ከአንድ ዐረፍተ ነገር አያልፍም። «ከተማዋ በአውሮፕላን ተደበደበች» ይባላል፤ ነጥብ ይቀመጣል። የተመታው የማን ቤት ነው? የሸሸው ሕዝብ የት አደረ? ታቦቱን ማን አወጣው? ወዴትስ ተሸሸገ? የድሉን ሌሊት በዝርዝር የሚተርክ ብዕር የድሉን ዋጋ የከፈለውን ሕዝብ በአንድ መስመር ሲያልፈው ታሪክ ጻፈ ማለት አይቻልም።

የጦርነቱ እርምጃ በዚያ አላበቃም። በ1929 ዓ.ም. ጠላት ምዕራቡን ሲይዝ የጎሬው ጳጳስ አቡነ ሚካኤል፣ አዲስ አበባ ላይ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. እንደ ተረሸኑት እንደ አቡነ ጴጥሮስ፣ ለወራሪ አልገዛም በማለታቸው ተገደሉ። በወንጌላውያን ሚሲዮን ሥር የነበሩትም ማኅበረ ምእመናን የስዊድንና የአሜሪካ አስተማሪዎቻቸው ሲባረሩባቸው ራሳቸውን ችለው ለመቆም ተገደዱ። በደምቢ ዶሎ ዓይነ ስውሩ ቄስ ጊዳዳ ሶለን መንጋቸውን የጠበቁበት ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። ከአምስት ዓመት በኋላም ጦርነቱ በወለጋ በኩል ዳግመኛ አለፈ። ከኮንጎ የመጣው የቤልጂግ ጦር አሶሳንና ጋምቤላን አልፎ ሳዮ ድረስ ዘለቀ፤ የጣሊያኑ ጄኔራል ጋዜራም ሰኔ 26 ቀን 1933 ዓ.ም. በዚያው በሳዮ እጁን ሰጠ። ሳዮ ዛሬ ደምቢ ዶሎ የምንላት ከተማ ናት። በቤልጂጎች የጦር ታሪክ ውስጥ ይህ ስም እንደ ታላቅ ድል ይጠራል። በእኛ የትምህርት መጽሐፍ ውስጥ ግን ሳዮን ፈልጎ ማግኘት ቀላል አይደለም። የባዕድ ወታደር የዘመተባትን ከተማ ስም ሲያከብር፣ ተወላጁ በዚያች ከተማ ምን እንደ ፈረሰ ካልጻፈ የሚያሳፍር ነው።

ለዚህ ዝምታ ምክንያት አለው። የመጀመሪያውና ዋነኛው ፖለቲካ ነው። በ1928 ዓ.ም. የወለጋ ሰዎች ሁሉ አንድ ሐሳብ አልነበራቸውም። ከባላባቶቹ መካከል በመንግሥታት ማኅበር ሞግዚትነት በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር ለመግባት የጠየቁ ነበሩ። ከጣሊያን ጋር መነጋገርን የመረጡም ነበሩ። ከጥቁር አንበሳ ጋር የወገኑም ነበሩ። ነጻነት ከተመለሰ በኋላ እነዚህ ሁሉ ወይም ልጆቻቸው በአንድ መንግሥት ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። «ያን አውሮፕላን ማን ጋበዘው? ማንስ አቃጠለው? በማን ምክንያት ቦምብ ወረደብን?» የሚለው ጥያቄ ለሁሉም የማይመች ሆነ። ስለዚህ ሁሉም ተስማምተው ዝም አሉ። ከዚያ በኋላ የመጡት ሥርዓቶችም ከዚያ ታሪክ የየራሳቸውን ጀግና መርጠው ሲያወጡ፣ ጉዳቱን ለመመዝገብ ግን የቸኮለ አልነበረም።

ይህ ዝምታ ለሽማግሌዎቹ ሰላም ሰጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ለእኛ ግን የሚሰጠው አንዳች ነገር የለም። የተመታው ቤተ ክርስቲያን ማንንም አልጋበዘም፤ ማንንም አላቃጠለም። ጣሪያው የማን ወገን ነበር ተብሎ አይጠየቅም። የጉዳት መዝገብ ማዘጋጀት ማለት የጥፋተኞች መዝገብ ማዘጋጀት ማለት እንዳልሆነ ልብ ሊባል ይገባል። እንዲያውም የተጻፈ ጉዳት በሌለበት የሚነግሠው ሐሜት ነው፤ ሐሜት ደግሞ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ እንደ ወሬ ተራ አይቀርም፤ ያብጣል።

ሁለተኛው ምክንያት የሕንፃዎቹ አሠራር ነው። በዚህ ረገድ ከሌላው ዓለም ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. ኅዳር 14 ቀን 1940 ሌሊት የጀርመን አውሮፕላኖች የእንግሊዝን ከተማ ኮቨንትሪን ሲደበድቡ የመካከለኛው ዘመን ካቴድራሏ ተቃጠለ። ኮቨንትሪዎች ፍርስራሹን አላነሡትም። ጣሪያ አልባውን የድንጋይ ግድግዳ እንዳለ ትተው ከጎኑ አዲስ ሠሩ፤ አዲሱም እ.ኤ.አ. በ1962 ተባረከ። በበርሊንም እ.ኤ.አ. በኅዳር 1943 በቦምብ የተመታው የቀዳማዊ ቄሣር ዊልሄልም መታሰቢያ ቤተ ክርስቲያን ሊፈርስ ታስቦ ሳለ የከተማው ሕዝብ ተቃወመ፤ የተሰበረው ግንብ በአዲሱ ሕንፃ መካከል እስከ ዛሬ ቆሟል። የድሬስደኗ ፍራውንኪርኸ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1945 ከወደቀች በኋላ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የድንጋይ ክምር ሆና ከቆየች በኋላ እ.ኤ.አ. በ2005 እንደ ገና ተሠርታ ተመረቀች። ከእሳቱ የጠቆሩት አሮጌ ድንጋዮች ከአዲሶቹ መካከል ገብተው ዛሬም ተለይተው ይታያሉ።

እነዚህን ምሳሌዎች የሚጠቅስ ሰው ብዙ ጊዜ «እኛም ፍርስራሻችንን እንጠብቅ» ብሎ ይደመድማል። ይህ ለወለጋ የማይሆን ብድር ነው። የኮቨንትሪ ግድግዳ ድንጋይ ነው፤ ጣሪያው ቢነድ ግድግዳው ይቀራል። የወለጋው ገጠር ቤተ ክርስቲያን ግን በአብዛኛው ክብ ነበር፤ ማገሩ እንጨት፣ ምርጊቱ ጭቃ፣ ክዳኑ ሣር። ቦምብ ወይም ክብሪት ያገኘው እንደ ሆነ በአንድ ሰዓት ውስጥ ዐመድ ይሆናል። የተረፈውንም ምርጊት የወለጋ ክረምት በጥቂት ዓመት ወደ አፈርነቱ ይመልሰዋል። ጦርነቱ ካለፈ ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆኖታል። በዚያ ቦታ ላይ የሚገኘው አሮጌ የጥድ ዛፍ፣ የተቀበሩ ሰዎች አጥንትና የቦታው ስም ብቻ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ የሚወጣው መደምደሚያ ግን ብዙዎች እንደሚያስቡት «ስለዚህ የሚጠበቅ ነገር የለም» የሚል አይደለም። ድንጋይ ያለው ሕዝብ ቢዘነጋም ድንጋዩ ያስታውስለታል። ጭቃና እንጨት ያለው ሕዝብ ግን ካልጻፈ ምንም አይቀርለትም። እንግዲህ ኮቨንትሪ ፍርስራሽዋን የጠበቀችበት ምክንያት ለእኛ መዝገብ የምንጽፍበት ምክንያት ነው፤ ከእርሷም ይልቅ እኛን ያስቸኩለናል። የዓይን ምስክሮቹ ከሞላ ጎደል አልፈዋል። ከእናት ከአባታቸው የሰሙት ልጆች ግን ገና አሉ፤ እነርሱም አርጅተዋል። አንድ ሽማግሌ ሲቀበር የሚጠፋውን መልሶ የሚቆፍር የአርኪዎሎጂ ባለሙያ አይገኝም።

በአገራችንም ከድንጋይ ተሠርተው ከጦርነት የተረፉ ሕንፃዎች የሚያስተምሩት አለ። የአዲስ አበባው ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል የዐድዋ ድል መታሰቢያ ነው። በየካቲት 1929 ዓ.ም. ፋሺስቶች በከተማው ሕዝብ ላይ ያንን ጭፍጨፋ ሲፈጽሙ ካቴድራሉንም ነዳጅ አርከፍክፈው በእሳት አያይዘውታል። ግንቡ ድንጋይ በመሆኑ አልወደቀም። ከነጻነት በኋላ ታድሶ ዛሬ በሠዓሊው በአፈወርቅ ተክሌ ሥራዎች አጊጦ ይታያል። የእድሳቱ ውበት የሚያከራክር አይደለም። የሚያከራክረው ወደ ውስጥ የሚገባ ሰው ሥዕሉን አድንቆ ሲወጣ እሳቱን የሚነግረው አስጎብኚ ካላገኘ ግድግዳው ራሱ የሚነግረው አለመኖሩ ነው። ጥበብ ቁስልን ሊያክመው ይገባል፤ ቁስል እንዳልነበረ ማስመሰል ግን የጥበብ ተግባር አይደለም።

የጎንደር ትምህርት ደግሞ ከዚህ ይለያል። በፋሲል ግቢ ውስጥ የሚገኘው የታላቁ ኢያሱ ቤተ መንግሥት ውስጡ ተንዶ ጣሪያው ለሰማይ ተገልጦ ይታያል። ከተማው በኅዳር 1934 ዓ.ም. ነጻ ሊወጣ ሲል ጣሊያኖች መሽገውበት ስለ ነበር የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ደበደቡት፤ ለሕንፃው ጉዳት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ቦምቡ የወዳጅ ነበር፤ ጣሪያው ግን ወዳጅና ጠላት አልለየም። ጎንደር ይህን ጉዳት ስላልሸፈነችው ጎብኚው ቆሞ ይጠይቃል፤ ጠይቆም ይማራል። የወዳጅን ቦምብ ሳይሸሽግ የሚጽፍ መዝገብ የጠላትን ቦምብ ሲጽፍ ይታመናል።

ጉዳዩ የቆየ ታሪክ ብቻ ነው የሚል ካለም የቅርቡን ያስታውስ። በ2013 ዓ.ም. በትግራይ በተደረገው ጦርነት ጥንታዊው የአል ነጃሺ መስጊድ በከባድ መሣሪያ ተመትቶ ሚናሬቱና ጉልላቱ ተጎድተዋል። ወለጋም ራሷ በዚህ ዘመን ከግጭት አላመለጠችም። ለ1928 ዓ.ም. መዝገብ ማዘጋጀት ያልቻለ አገር ለዛሬውም እንደማያዘጋጅ ግልጽ ነው። ልማዱ አንድ ነው፤ መጀመሪያ ዋይታ፣ ቀጥሎ ቁጥር፣ በመጨረሻ ዝምታ።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቻችን እንምጣ። ለዚህ ሐሳብ ሦስት መልሶች ይሰጣሉ፤ ሦስቱም ተገቢ መልስ ይገባቸዋል።

አንደኛው የካህናትና የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴዎች መልስ ነው። «ቤተ ክርስቲያን ለጸሎት እንጂ ለትዝታ አልተሠራም። ክብሩ በታቦቱ ነው፤ ታቦቱ እስካለ ድረስ አሮጌውን አፍርሶ ሰፊና ያማረ መሥራት በረከት ነው» ይላሉ። ይህ መልስ በሥርዓቱ ውስጥ እውነት አለው። በእኛ ባህል የቤተ ክርስቲያን ዕድሜ የሚቆጠረው ታቦቱ ከገባበት ቀን ነው፤ ግድግዳው ቢለወጥ ቤተ ክርስቲያኑ ያው ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ምእመናን በጠባብና በሚያፈስ ቤት ይቀድሱ አይልም። የሚለው ይህን ነው፤ ታቦት በጦርነት ወቅት ከእሳት ያወጡት፣ በጫካና በዋሻ የሸሸጉት ሰዎች ነበሩት። እነዚያ ሰዎች ስም ነበራቸው። የታቦቱ ክብር በስደቱ ታሪክ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ገድለ ቅዱሳንን በብራና ጽፋ ለሺህ ዓመት ያቆየች ቤተ ክርስቲያን የገዛ ሕንፃዋን ገድል በአንድ ደብተር መጻፍ እንዴት ይከብዳታል? አሮጌው ከመፍረሱ በፊት ይለካ፤ ፎቶግራፍ ይነሣ፤ በሩ፣ መስኮቱ፣ ደወሉና ከበሮው ተለይቶ ይቀመጥ። ከዚያ በኋላ አዲሱ ይሠራ፤ የሚከለክለው የለም።

ይህ ምክር ብቻ አይደለም፤ ሕግም አለበት። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቅርስ ላይ የሚደረግ የጥገናና የእድሳት ሥራ በሚመለከተው ባለሥልጣን ፈቃድ እንዲሆን ይደነግጋል። ነገር ግን ሕጉ የሚሠራው ቅርስ መሆኑ ለታወቀ ነገር ነው። ያልተመዘገበውን ማን ያስፈቅዳል? ማንስ ይከለክላል? የመዝገብ እጦት ሕጉንም ያሽመደምደዋል።

ሁለተኛው የአስተዳደር መልስ ነው፤ «በጀት የለም» ይባላል። ሐውልት ለማቆም በጀት ሊያስፈልግ ይችላል። ሽማግሌ ቁጭ አድርጎ ለመጠየቅ የሚያስፈልገው ግን ደብተር፣ እርሳስና ትዕግሥት ነው። ዛሬ በየወጣቱ ኪስ የድምፅ መቅረጫና የፎቶግራፍ መሣሪያ አለ። በነቀምቴ የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ቆሟል፤ የታሪክና የፎክሎር ተማሪዎች በየዓመቱ ለመመረቂያ የጥናት ርእስ ይፈልጋሉ። እያንዳንዱ ተማሪ የአንዲት ወረዳ የአምልኮ ስፍራዎች በጦርነቱ ምን እንደ ደረሰባቸው ቢጠይቅ በጥቂት ዓመት ውስጥ ክፍለ ሀገሩ ይዳረሳል። የጎደለው ገንዘብ ሳይሆን ትእዛዝ የሚሰጥና ተከታትሎ የሚቀበል ነው።

ሦስተኛው መልስ ከምሁራን ይሰማል። «የወለጋ ታሪክ የቃል ነው፤ የጽሑፍ ማስረጃ የለውም፤ በቃል ወሬ ላይ መዝገብ አይታነጽም» የሚሉ አሉ። ይህን መልስ ወለጋ ራሷ ታፈርሰዋለች። ኦነሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆኖ መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ አዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1899 በስዊዘርላንድ ሲያሳትም፣ የአስቴር እጅ ያለበት የንባብ መጽሐፍ ከዚያ ቀደም ብሎ ወጥቶ ነበር። ኦነሲሞስ ወደ ነቀምቴ ገብቶ አስተማረ፤ በ1923 ዓ.ም. ያረፈውም በዚያው ነው። አስቴር በመጽሐፏ የሰበሰበችው ተረትና ምሳሌ፣ ግጥምና ወግ የቃል ሀብት ነበር። በቃል ያለው በጥንቃቄ ሲጻፍ ማስረጃ እንደሚሆን ያስመሰከሩት በዚያው ምድር የሠሩ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ የወለጋን ሽማግሌ በገዛ ቋንቋው በኦሮምኛ ጠይቆ መጻፍ አዲስ ፈጠራ አይደለም፤ የነባር ሥራ ቀጣይ ነው። በአማርኛ ብቻ የተጠየቀ ምስክርነት ግማሹ በአስተርጓሚው እጅ ይቀራል።

ነቀምቴ ለዚህ ሥራ መነሻ የሚሆን ቤት አላት። የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት ከብዙ መጎሳቆል በኋላ እድሳት ተደርጎለት መቆሙ ፈቃድ ካለ በክፍለ ሀገር ከተማም ቅርስ ሊጠበቅ እንደሚችል ያሳያል። የወለጋ ሙዚየምም አለ። በዚህ ሙዚየም የጎብኚውን ዓይን ከሚይዙት አንዱ የጣሊያን የጦር አውሮፕላን ስብርባሪ ነው። ጎብኚው ያን ብረት አይቶ የአርበኞቹን ጀግንነት ያደንቃል፤ ማድነቁም ተገቢ ነው። አንድ ነገር ግን ይጠየቅ። አውሮፕላኑ በሙዚየም ቦታ ካገኘ አውሮፕላኑ ያቃጠለው ቤትስ የት ይቀመጣል? ብረት ስለማይበሰብስ የገዳዩ መሣሪያ ቀረልን፤ ጭቃ ስለሚበሰብስ የተገዳዩ ቤት ጠፋብን። ከስብርባሪው አጠገብ ግድግዳውን የሚሞላ የስም ዝርዝር ቢሰቀል ያ ብረት ሙሉ ትርጉሙን ባገኘ ነበር።

ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ የተወሰነና ሊሠራ የሚችል ነው። ለእያንዳንዱ የአምልኮ ስፍራ አንዳንድ ገጽ ይዘጋጅ። በገጹ ላይ የታቦቱ ወይም የስፍራው ስም፣ የተተከለበት ዘመን፣ የተጎዳበት ቀንና ምክንያት፣ ቦምብ ይሁን እሳት፣ የጠላት ይሁን የወዳጅ፣ የጠፋው ንዋየ ቅድሳት፣ ንዋዩን ያተረፉት ሰዎች፣ መልሰው የሠሩትም ስም ይጻፍ። ምስክሩ ማን እንደ ሆነና ያየ ይሁን የሰማ ተለይቶ ይስፈር። እርግጠኛ ያልሆነው እርግጠኛ እንዳልሆነ ይጻፍ፤ የተጋነነ መዝገብ ከመዝገብ እጦት አይሻልምና። የወንጌላውያኑ የጸሎት ቤቶችና የሙስሊሙ መስጊዶችም በዚያው ደብተር ይግቡ። ከዚያም ስፍራው ላይ አንዲት ድንጋይ ትቁም፤ በሁለት ቋንቋ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ፣ ስሙና ዓመቱ ይቀረጽባት። ሐውልት አይደለችም፤ ጌጥም አያስፈልጋትም። ልጅ ከአባቱ ጋር ሲያልፍ «ይህች ምንድን ናት?» ብሎ እንዲጠይቅ ታህል ይበቃል።

ከጣሊያን የተገኘው የጦር ካሣ ገንዘብ ዘግይቶ ቢሆንም መጥቷል፤ የቆቃን ግድብ ያሠራው ያ ካሣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 ወደ ሮም የተጓዘው የአክሱም ሐውልትም በ1997 ዓ.ም. ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. በስፍራው ቆሟል። ይህ ሁሉ የተገኘው ምን እንደ ጠፋ በስም የሚያውቅ ሰው ስለ ነበረ ነው። ሐውልቱ ስም ነበረው፤ ቁመቱና ቦታው ይታወቅ ነበር፤ ስለዚህ ከሰባ ዓመት ገደማ በኋላ እንኳ ተጠየቀ፤ ተመለሰም። ስም የሌለው ነገር አይጠየቅም፤ አይመለስም፤ ይቅርም አይባልለትም።

የሁለት ሺህ ቁጥር በጉባኤ ፊት ለመቆም ጠቅሟል፤ ጉባኤው ካለፈ ግን ብዙ ዘመን ሆኖታል። አሁን የሚጠብቁን የነቀምቴ፣ የቦናያ፣ የጊምቢ፣ የነጆና የደምቢ ዶሎ ሽማግሌዎች ናቸው። የባህል ጽሕፈት ቤቶች፣ አድባራትና ማኅበረ ምእመናን፣ መምህራንና ተማሪዎች በዚህ ዓመት ደብተሩን ይክፈቱ። የመጀመሪያው ገጽ ለመሙላት አንድ ቦታ፣ አንድ ስምና አንድ ምስክር ይበቃል።